አንድ ደባርቅ፣ ብዙ ደራሲ

ከጎንደር ተነስታችሁ ወደ ሰሜን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዙ፣ ዳባትን አልፋችሁ ደባርቅ ትገባላችሁ። ብዙ ሰው ከተማዋን የሚያውቃት በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ዋልያና ጭላዳ ለማየት የሚመጣ ሁሉ ክፍያውን ፈጽሞ፣ አስጎብኚና ስካውት ይዞ ወደ ተራራው የሚወጣው ከዚያ ነውና። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሌላው ደባርቅ ነው፤ በ1853 ዓ.ም. መጀመሪያ አጼ ቴዎድሮስ ከዘመዳቸው ከጋረድ ጋር ስለተጋጠሙበት ደባርቅ።

ጋረድ ሸፍቶ ነበር። ከውጊያው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የእንግሊዙ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ጎንደር አጠገብ በጋረድ ሰዎች ተወግቶ፣ በቁስሉ ሞቷል። ፕላውደን የንጉሡ ወዳጅ ነበር። ስለዚህ አጼ ቴዎድሮስ ወደዚህ አገር የመጡት ሽፍታ ሊያጠፉም፣ ደም ሊመልሱም ነው። በውጊያው መሀል ጆን ቤል የተባለው እንግሊዛዊ፣ የንጉሡ ሊቀ መኳስ፣ ጌታውን ሲከላከል ወደቀ። ጋረድም እዚያው ሞተ። ከዚያ በኋላ ከጋረድ ተከታዮች የተማረኩት በጅምላ ተገደሉ።

ይህን ቀን ያነሳሁት «ሁለቱን ሥራ አንድ ላይ እንዴት ታስኬደዋለህ?» እያላችሁ ስለምትጠይቁኝ ነው። መልሱ ያለው እዚሁ ሜዳ ላይ ነው። የያዝኩት አንደኛው ሥራ የዚህን ውጊያ ታሪክ የሚናገር የፊልም ስክሪፕት ነው። ሁለተኛው ከጸሐፊ ጓደኞቼ ጋር በአንድ የጋራ ዓለም ውስጥ የምንጽፋቸው አጫጭር ልብ ወለዶች ናቸው። ዓለማችንም ያው የሰሜን ግርጌ ነው፤ ከወገራ ሜዳ እስከ ሊማሊሞ አፋፍ፣ ከዘመነ መሳፍንት ማለቂያ እስከ መቅደላ።

የጋራ ዓለም ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ላስረዳ። ብዙ ጸሐፊዎች አንድ አገርና አንድ ዘመን ተስማምተው ይይዛሉ፤ ከዚያ እያንዳንዱ የራሱን ታሪክ ይጽፋል። የእኔ ነጋዴ በጓደኛዬ ታሪክ ውስጥ ገበያ ላይ ሊታይ ይችላል። እሱ ያቃጠለውን መንደር ግን እኔ እንዳልተቃጠለ አድርጌ አልጽፍም፤ የገደለውንም አላስነሳም። እንደ ወል ግጦሽ ነው፤ ሁሉም ከብቱን ያሰማራበታል፣ ማንም ብቻውን አያርሰውም።

በውጭው ዓለም ይህን ሥራ ከፊልም ጽሑፍ ጋር አጣምረው የያዙ ሰዎች አሉ። «ጌም ኦፍ ትሮንስ»ን ያየ ሁሉ የሚያውቀው ጆርጅ አር. አር. ማርቲን፣ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ከጸሐፊ ጓደኞቹ ጋር ይጫወተው ከነበረ ጨዋታ ተነስቶ «ዋይልድ ካርድስ» የተባለ የጋራ ዓለም አቋቋመ፤ የመጀመሪያው መጽሐፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። በዚያው ሰሞን ማርቲን ሆሊውድ ለቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ይጽፍ ነበር። አብራው መጻሕፍቱን ታዘጋጅ የነበረችው ሜሊንዳ ስኖድግራስም ለ«ስታር ትሬክ» የቴሌቪዥን ክፍሎች ጽፋለች። ይህን የምነግራችሁ ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሊቀመጡ እንደሚችሉ እንድታምኑ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደስተኝ ክፍል ይህ ነው። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የጋራ ዓለም የሚባለውን ነገር ስም ሳያወጣለት ከጥንት ጀምሮ ሲሠራበት ኖሯል። ዓለሙ የቴዎድሮስ ዓለም ነው።

መሠረቱን የጣሉት ዜና መዋዕል ጸሐፊዎቹ ናቸው። ከቴዎድሮስ በፊት የነገሥታት ዜና መዋዕል የሚጻፈው በግዕዝ ነበር። የቴዎድሮስ ግን በአማርኛ ተጻፈ፤ ያውም በአንድ ሰው ብቻ አይደለም። የደብተራ ዘነብ አለ፣ የአለቃ ወልደ ማርያም አለ፣ ስሙ ያልታወቀ ሦስተኛ ጸሐፊም አለ። ልብ በሉ፤ ገና ከመነሻው አንድ ንጉሥና አንድ ዘመን፣ ሦስት ዓይን። አንዱ ያሞገሰውን ሌላው ይነቅፋል። በኋላ የመጣ ደራሲ ሁሉ በሦስቱ መካከል መምረጥ ነበረበት።

በ1940ዎቹ ዓ.ም. ደጃዝማች ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ንጉሡን ወደ መድረክ አወጧቸው። ጎንደር የተወለደው ጋዜጠኛና ደራሲ ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 ዓ.ም. «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን አሳተመ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»ን ይዞ መጣ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔቱን መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ኋላም በአማርኛ ጻፈ። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ደግሞ የንጉሡን አነሣሥ በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1974 ለውጭ አንባቢ አደረሰ። እነዚህ ሰዎች በአንድ ክፍል ተቀምጠው ሕግ አላወጡም። ሕጉ ግን ነበረ፤ ሁሉም ያከብሩት ነበር። ካሳ፣ ኋላ ቴዎድሮስ የተባለው፣ ከቋራ ይነሳል፤ አይሻል ላይ ራስ አሊን ይረታል፤ ደረስጌ ላይ ይነግሣል፤ መቅደላ ላይ በገዛ እጁ ይሞታል። ማንም ደራሲ ከመቅደላ ሊያወርደው አይችልም።

ከእነዚህ ምሶሶዎች ውጭ ያለው ቦታ ግን ሰፊ ነው። የኮሶውን ነገር ውሰዱ። የንጉሡ ጠላቶች እናታቸውን «ኮሶ ሻጭ» እያሉ ይሰድቧቸው ነበር፤ ደጃዝማች ወንድይራድ «የኮሶ ሻጯን ልጅ ይዤ አመጣለሁ» ብሎ ፎክሮ፣ ተሸንፎ በተማረከ ጊዜ ኮሶ እንዳጠጡት ይተረካል። እንግዲህ ስለ ካሳ ልጅነት የሚጽፍ ሰው ሁሉ እዚህ ላይ መቆም አለበት። እናቲቱ በእርግጥ በችግር ኮሶ ሸጣለች? ወይስ ነገሩ የባላባት ንቀት የፈጠረው ስድብ ነው? አንደኛውን ከመረጥክ ልጁ ድህነትን በአካሉ ያውቀዋል፤ ሁለተኛውን ከመረጥክ ልጁ ቁጣውን የሚያጠራቅመው ከሐሰት ላይ ነው። ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይወጣሉ፤ ሁለቱም ግን ያው ንጉሥ ይሆናሉ። የጋራ ዓለም ደስታው ይህ ነው። አንባቢው መጨረሻውን ስለሚያውቅ ዓይኑን የሚጥለው በመንገዱ ላይ ነው።

የእኛ ጓደኛሞች ሥራ ከእነዚህ ትልልቆች ጋር አይተካከልም፤ ሕጉን ግን ከእነሱ ነው የተማርነው። አንድ የጋራ መዝገብ አለን። የውጊያ ቀኖች፣ የሞቱና ያሉ ሰዎች፣ መንገዶች፣ እህሎች፣ ዛፎች ሁሉ እዚያ ይሰፍራሉ። በኢትዮጵያ ሬዲዮ ከእ.ኤ.አ. 2002 እስከ 2004 የተላለፈውን «የቀን ቅኝት»ን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ፤ 257 ክፍል ነበረው። ያን ያህል የረዘመ ድራማ ማን የማን ልጅ እንደሆነና ማን ምን እንደሚያውቅ በጽሑፍ ካልተያዘ መሀሉ ላይ መፍረሱ አይቀርም። መዝገብ የሌለው የጋራ ዓለምም እንደዚያው ነው።

ከመዝገባችን በጣም የምወደው ገጽ ስለ ድንች ነው። ዛሬ ደባርቅ ላይ ድንች የማይበላ የለም፤ የደጋ ሰው ጥንት ከገብስ ጋር የተፈጠረ ይመስለዋል። ነገር ግን ድንችን ወደ ኢትዮጵያ እንዳመጣ የሚነገርለት ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1858 አካባቢ። ስለዚህ በእኛ ዓለም ውስጥ፣ ካሳ ገና ከቋራ ሳይወጣ፣ የዳባት እናት ለልጆቿ ድንች ልትቀቅል አትችልም። ቆሎ ትቆላለች፣ የገብስ ቂጣ ትጋግራለች። ባሕር ዛፍም አይፈቀድም። ዛሬ ከዳባት እስከ ደባርቅ መንገዱን ይዞ የሚታየው ባሕር ዛፍ የመጣው በአጼ ምኒልክ ዘመን ነው። አንድ ገጸ ባሕርይ በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ንጉሡን ከጠበቀ፣ ታሪኩ ወደ ጸሐፊው ይመለሳል።

ርቀትም ሕግ አለው። ከጎንደር እስከ ዳባት 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመኪና ሳታውቁት ታልፉታላችሁ፤ በጭነት በቅሎ ግን መንገድ ላይ ማደር ግድ ነው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለልብ ወለድ ጸሐፊ ግን ሀብት ነው። ወሬ ከጎንደር ተነስቶ ደባርቅ እስኪደርስ ስንት ሌሊት ያድራል? ስንት ሰው ቤት ያድራል? በየቤቱስ ምን ተጨምሮበት ይወጣል? ከጓደኞቼ አንዷ የጻፈችው በጣም ጥሩ ታሪክ የተወለደው ከዚህ ጥያቄ ነው፤ የፕላውደን ሞት ወሬ ከአፍ ወደ አፍ እየዞረ፣ አዳር በተደረገ ቁጥር ገዳዩ እየተቀየረ ሲሄድ ያሳያል።

እንግዲህ ስክሪፕቱ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በልብ ወለድ የማልጽፈው ነገር የለም፤ የሰው ሐሳብ ውስጥ እገባለሁ፣ ሠላሳ ዓመት በአንድ ዓረፍተ ነገር እዘላለሁ። ስክሪፕት ላይ የሚታይና የሚሰማ ብቻ ነው የሚጻፈው። የፊልም ሰዎች በልማድ አንድን ገጽ በአንድ ደቂቃ ይሰፍራሉ፤ የሁለት ሰዓት ፊልም 120 ገጽ ገደማ ነው ማለት ነው። ለአንድ ንጉሥ፣ ለአንድ ሽፍታ፣ ለአንድ እንግሊዛዊና ለአንድ ሙሉ ጦር 120 ገጽ ጠባብ ቤት ነው።

በምሳሌ ላሳያችሁ። በጋራ ዓለማችን ውስጥ የጻፍኩት አንድ ታሪክ አለ፤ ባለታሪኩ ከዳባት ስንቅ ጭኖ ጦሩን ተከትሎ የመጣ ልጅ ነው። ውጊያውን የሚያየው ከሩቅ ነው። ታሪኩ እንዲህ ያለ ቦታ ይደርሳል፦

«ልጁ ንጉሡን አይቶ አያውቅም። ስለዚህ ያ ሰው ሲወድቅ ንጉሡ የወደቁ መሰለው። ወሬውን ይዞ ወደ እናቱ ሮጠ። ከዚያ በኋላ እስኪያረጅ ድረስ ዕድሜውን የቆጠረው ንጉሡ ደባርቅ ላይ ከሞቱበት ቀን ጀምሮ ነው።»

ይኸው ነገር በስክሪፕቱ ላይ እንዲህ ሆነ፦

«ውጭ። ደባርቅ፣ ሜዳው። ቀን። ጭስ። ሁለት ፈረሰኞች፣ ልብሳቸው አንድ ዓይነት። አንደኛው ይወድቃል። ልጁ የበቅሎውን ልጓም ይለቃል። ወደ ኋላ ይላል። ዞሮ ይሮጣል።»

«እስኪያረጅ ድረስ» የሚለው ጠፋ፤ ካሜራ እርጅናን አስቀድሞ ማየት አይችልም። በምትኩ አንድ ነገር አገኘሁ፤ እሱም ሊቀ መኳሱ ነው። ሊቀ መኳስ በጦር ሜዳ የንጉሡን ዓይነት ልብስ ለብሶ የጠላትን ዓይን ወደ ራሱ የሚስብ ባለሟል ነበር፤ ጥይትና ጦር ንጉሡን ትቶ እሱን እንዲፈልግ። ቤል የያዘው ማዕረግ ይህ ነበር። ልብ ወለድ ውስጥ «ቤል ወደቀ» ብዬ ስጽፍ አንባቢ ወዲያው ማን እንደሆነ ያውቃል፤ ስሙን ጽፌዋለሁና። ፊልም ውስጥ ግን ሁለቱን አንድ ዓይነት ማልበስ፣ ጭስ መልቀቅ፣ ተመልካቹን እንደ ዳባቱ ልጅ «ማን ነው የወደቀው?» ብሎ እንዲጨነቅ ማድረግ እችላለሁ። አንድ የሹመት ስም በልብ ወለዱ ውስጥ ማብራሪያ ይፈልግ ነበር፤ በስክሪፕቱ የትዕይንቱ ልብ ሆነ። ይህ የገባኝ ቀን ከሁለቱ ሥራ አንዱን ትቼ አንዱን የመያዝ ሐሳቤን ተውኩት። ልጁ የመጣው ከልብ ወለዱ ነው፤ ሁለቱ ፈረሰኞች የመጡት ከስክሪፕቱ ነው፤ አንዱ ባይኖር ሌላው አይገኝም ነበር።

የቤል አሟሟት ራሱ በተለያየ መንገድ ይተረካል። በአንደኛው ጋረድን የገደለው ቤል ነው፤ ከዚያ የጋረድ ወንድም ቤልን ይገድለዋል። በሌሎች አተራረኮች ገዳዮቹ ይለዋወጣሉ። ለጋራ ዓለማችን ይህ በረከት ነው፤ እያንዳንዱ ጸሐፊ በገጸ ባሕርይው ዓይን ያየውን ይጽፋል፣ መዝገባችንም «ቤልና ጋረድ በዚህ ቀን ይሞታሉ» ብሎ ያልፋል። ስክሪፕቱ ግን እንዲህ ሊያልፍ አይችልም። ካሜራው አንድ ቦታ መቆም አለበት፤ ጦሩን የሚወረውር አንድ እጅ መኖር አለበት። ስለዚህ ካሜራውን ከልጁ ጋር ከሩቅ አቆምኩት። ለእኔ ትክክለኛው መልስ ይህ ነው፤ በዚያ ጭስ ውስጥ በእርግጥ ለነበረ ሰውም ነገሩ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ሊሆንለት አይችልም ነበር።

ፊልም ጽሑፍ ትዕግሥት እንደሚፈልግ ለማወቅ ሩቅ መሄድ የለብንም። ጎንደር የተወለዱት ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ»ን ለመሥራት 14 ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትን አገኘ፤ ከዚያም ሌላ የምርጥ ስክሪፕት ሽልማትን ወሰደ። ጀርመን ተምሮ ወደ መንደሩ የሚመለሰውን አንበርብርን ስታዩ፣ ታሪኩ ከዘመን ዘመን፣ ከአገር አገር እየዘለለ እንኳ ግራ አይገባችሁም። አባታቸው አቶ ገሪማ ታፈረም ተውኔት ይጽፉ ነበር፤ የአርበኞችን ታሪክ የያዘውን «ጎንደሬ በጋሻው»ን ያወረሱን እሳቸው ናቸው። አባት በቃል ትረካና በመድረክ፣ ልጅ በካሜራ፣ የአንድ አገር ታሪክ። እኔ በዚህ ሥራ ስደክም የማስበው ስለ እነዚህ ሁለት ሰዎች ነው።

ሥራው አሁን የት ደረሰ? የስክሪፕቱ የመጀመሪያ ረቂቅ አልቋል። አሁን የማስተካክለው መጀመሪያውን ነው፤ መጀመሪያው ደባርቅ ላይ መሆን እንደሌለበት ገብቶኛል። ደረስጌ ላይ መሆን አለበት። በዛሬው ጃናሞራ ወረዳ የሚገኘውን የደረስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት የሰሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ናቸው፤ ያ ድንች አመጣ የተባለው ሺምፐርም በግንባታው እጁ ነበረበት። ውቤ እዚያ ሊነግሡ አስበው ነበር። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሳ እዚያው ደረስጌ ላይ ድል አደረጋቸው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ በውቤ ቤተ ክርስቲያን፣ በአቡነ ሰላማ እጅ፣ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ለሌላ ሰው የተዘጋጀ ዘውድ መውሰድ ምን እንደሚመስል ያላየ ተመልካች፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ደባርቅ ላይ ያ ሁሉ ምርኮኛ ሲገደል የንጉሡን ፍርሃት ሊረዳው አይችልም። ጭካኔውን ብቻ ያያል። እኔ ሁለቱንም እንዲያይ እፈልጋለሁ።

የመቅረጫ ቦታው ሌላ ጣጣ ነው። ደባርቅ ዙሪያ ካሜራ የትም ቢዞር ባሕር ዛፍ፣ ቆርቆሮና የመብራት ምሰሶ ይገባበታል፤ ወደ ታች ወደ ሊማሊሞ ከዞረ ደግሞ ጣልያን የጠረገው መንገድ ይታያል። አስታና ጅብራ ወደሚበቅልበት ከፍታ መውጣት ያስፈልጋል። እዚያም ፓርክ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ ፈረሰኛ ጦር እንደፈለጉ አይነዱበትም። ስለዚህ ስክሪፕቱን ሳስተካክል ትልልቁን ሰልፍ እየቀነስኩ፣ ጭሱንና የልጁን ፊት እያበዛሁ ነው። ቦታውና በጀቱ ያስገደዱኝ ነገር ነው፤ ትዕይንቱ ግን በዚያው ተሻሽሏል።

የጋራ ዓለማችን ደግሞ እያደገ ነው። የዳባት ገበያ ተሞልቷል፤ የወገራ ባላባቶች ተጽፈዋል፤ የቤልን ቤተሰብ የያዘች ጓደኛ አለችን። ባዶ የቀረው አንድ ገጽ የጋረድ ነው። ካነበብኳቸው ልብ ወለዶች ውስጥ እሱን ዋና ባለታሪክ ያደረገ አላጋጠመኝም፤ ሁልጊዜ የሚመጣው ሊገድልና ሊሞት ነው። ለምን ሸፈተ? ከንጉሥ ጋር ዝምድና ያለው ሰው ጫካ ሲገባ እናቱ ምን አለች? አብረውት ተማርከው የተገደሉት እነማን ነበሩ፣ ከየትኛው መንደር፣ የማን አባቶች? ከዳባት ወይም ከደባርቅ የሆናችሁ፣ በቤታችሁ ስለዚያ ዘመን የሚነገር ነገር ካለ አድምጡና ጻፉት። ገጹን የሚወስድ ካለ ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ ጋረድ በ1853 ዓ.ም. ደባርቅ ላይ ይሞታል። ከዚያ በፊት ያለው ሕይወቱ በሙሉ የወሰደው ሰው ነው።